በካውያ የተተኮሱ ትዝታዎች

ለተከበራችሁ የመንደሩ ነዋሪዎች፣ ለአላፊ አግዳሚው፣ እንዲሁም በቅርብም በሩቅም ለምትገኙ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ፦ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቁ የፊት ለፊት መስኮት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ቆይታ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በውሃና በሳሙና የታጠበ መሆኑን የምንገልጸው በታላቅ አክብሮት ነው። በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። አንዲት ሸረሪት ግን ቤት አልባ ሆናለች።

እንዲህ ያለ መግለጫ ማንም አልጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገም። የሱቁ ባለቤት ወገቡን ይዞት ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ሰንብቶ በአሥራ አምስተኛው ቀን ከዘራ እየተመረኮዘ ብቅ ሲል፣ ከቤቱ እስከ ሱቁ ባለችው አጭር መንገድ ላይ አምስት ሰው እያስቆመ መርዶውን ነገረው። ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀምጦ «ሰማህ አይደል?» አለው። ጋዜጣ አዟሪዋ ደግሞ ገና ከሩቅ፣ «አይዞህ ጋሼ፣ መስኮት ነው፤ ተመልሶ ይቆሽሻል» ብላ አጽናናችው።

ደርሶ ሲያየው የገዛ ሱቁን አላወቀውም። መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ጠርቷል። ከውስጥ ያሉት ሻንጣዎች፣ መብራቶች፣ ኮቶችና ማንቆርቆሪያዎች ራቁታቸውን እንደተያዙ ሰዎች ተደናግጠው ወደ መንገዱ ያፈጣሉ። ያ እድፍ ለእሱ እድፍ አልነበረም። ሰው ከውጭ ሆኖ ማየት ሲያቅተው ይገባል፤ ሲገባ ይቆማል፤ ሲቆም ያወራል። ሱቁ አሥራ አንድ ዓመት የኖረው በዚህ ስሌት ነው።

ሰፈሩ ይህን ሰው «ጆሮ» ይለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቅጽል ስሙን ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር። ስሙ የወጣለት በአንድ ግትር ሕጉ የተነሳ ነው፤ ታሪኩን ሳይሰማ ዕቃ አይቀበልም። የወርቅ አልጋ ብታመጣለት፣ «ማን ተኝቶበት ነበር? እንቅልፍስ ይወስደው ነበር?» ብሎ ይጠይቅሃል እንጂ ወርቁን አያይም። ሻጩ መጻፍ የሚችል ከሆነ፣ ከጫማ ካርቶን በመዳፍ ልክ የተቆረጠች ካርድና እስክሪብቶ ይሰጠውና ታሪኩን በገዛ እጁ ያስጽፈዋል። የማይችል ከሆነ እሱ ይጽፍለታል። ካርዷ ጥጓ ላይ ተበስታ በክር ዕቃው ላይ ትንጠለጠላለች። ሁለተኛ ሕግም ነበረው፤ ካርዱ ላይ የዕቃው ስም አይጻፍም። «ኮት መሆኑን ኮቱ ራሱ ይናገራል፤ አንተ የማይናገረውን ጻፍልኝ» ይል ነበር። ስለዚህ ካርዶቹ ሁሉ የሚጀምሩት «ይህ» ወይም «ይህን» በሚል ቃል ነው።

ለምሳሌ አንድ ኮት ላይ፦ «ይህን በሙቅ ውሃ አጥቤ ያኮማተርኩት እኔ ነኝ። ባሌ እስከ ዛሬ ወፍሬ ነው የጠበበኝ ይላል። እንደዚያው ይበል።» አንድ የግድግዳ ሰዓት ላይ፦ «ይህ ከቤታችን ሲወጣ ማንም አላዘነም።» አንድ ጃንጥላ ላይ ደግሞ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ፣ «ይህ የእኔ አይደለም። ባለቤቱ ቢመጣ ይቅርታ በሉልኝ» ይላል።

ደንበኞቹም እንደ ካርዶቹ ናቸው። ጡረታ የወጡት ዳኛ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ፣ ጥግ ላይ ያለውን ቁም ሣጥን የታችኛውን መሳቢያ ስበው ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ። ሲጥጥ ይላል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «የእናቴ ቤት መሳቢያ ልክ እንዲህ ነበር የሚጮኸው። ስኳር የምንሰርቅበት ነበር። በዚህ ድምፅ ነው የምትይዘን» ይላሉ። አንድ ቀን ጆሮ ራርቶላቸው፣ «ለምን ይዘውት አይሄዱም?» ቢላቸው ደነገጡ። «ቤት ከገባማ ምራቴ ዘይት ትቀባዋለች» አሉ። የሂሳብ መምህሯ በበኩሏ የቆዳውን ሻንጣ ከፍታ አፍንጫዋን ትነክርበታለች፤ ሻንጣው የማን እንደነበር አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም፣ ብቻ ከዚያ ቀና ስትል ፊቷ ስትገባ ከነበረው በአሥር ዓመት ይቀንሳል። እነዚህ ሰዎች ዕቃ አይገዙም። ጆሮም እንዲገዙ አይጠብቅም። ሱቁን እንደ ሱቅ የምታየው በምድር ላይ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ታላቅ እህቱ።

እህቱ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ነርስነት ሠርታ በዋርድ ኃላፊነት ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ወንድሟ ሲታመም ሱቁን እሷ ያዘችው። «ያዘችው» ሲባል እንደ ዕቃ አይደለም፤ እንደ በሽተኛ ነው። የሙቀት መጠኑን ለካች፣ አቧራውን አራገፈች፣ መስኮቱን አጠበች። ጆሮ በሩን ገፍቶ ሲገባም ጋውን መሳይ ነገር ለብሳ መደርደሪያ ትወለውል ነበር።

«መጣህ? ቀስ ብለህ ተቀመጥ። ጎንበስ እንዳትል።»

«እታለም፣ መስኮቱ...»

«አዎ፣ መስኮት ነበረህ። እኔም ገርሞኛል።»

ጆሮ ሳቁ መጥቶ ከንፈሩ ላይ ሳይደርስ ቀረ። ዓይኑ ካርዶቹ ላይ አርፏል። ካርዶቹ ዱሮ በእርጥበት ተጠቅልለው፣ ጫፋቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ሚስጥር እንደያዘ መዳፍ ነበሩ። አሁን ቀጥ ብለዋል። እንደ ወታደር ተሰልፈው ይንጠለጠላሉ።

«ካርዶቹን ምን አደረግሻቸው?»

«ተኮስኳቸው።»

«ተኮስኳቸው ስትይ?»

«በካውያ ነዋ! በጠመንጃ መሰለህ? ተኮማትረው፣ ሻግተው፣ አንጀት ይበሉ ነበር። ሁሉንም ፈትቼ ቤት ወሰድኳቸው፣ ጨርቅ ከላይ አድርጌ ለብ ባለ ካውያ አስተካከልኳቸው፤ በማግስቱ መልሼ አሰርኳቸው።»

ጆሮ ከዘራውን አጥብቆ ያዘ። «ሁሉንም ፈትተሽ? የትኛው የትኛው ላይ እንደነበር በምን ያዝሽ?»

«መያዝ ለምን ያስፈልጋል? ማንበብ አልችልም እንዴ?» አለች ሲስተር፣ በእውነት ተገርማ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የበሽተኛ ካርድ ስይዝ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ካርዱን ታነባለህ፣ ዕቃውን ታያለህ፣ የሚስማማውን ትሰጠዋለህ። እንዲያውም ያንተ አስተሳሰር ነበር ጉድ! ስለ ሠርግ የሚያወራውን የከሰል ካውያ ላይ አንጠልጥለኸው አገኘሁ። ሠርግ ካውያ ላይ ምን ይሠራል? ነጩ ቀሚስ ላይ አደረግኩት።»

«እታለም... የሠርጉ ካውያው ነው። የሙሽራውን ሱሪ በዚያ አቃጥለውት ነው ሠርጉ በሦስት ሰዓት የዘገየው።»

«ነጩ ቀሚስስ?»

«የትያትር ቤት ነው። ሙት ሆኖ ከመቃብር የሚነሣው ሰውዬ ነበር የሚለብሰው።»

ሲስተር ጨርቋን ይዛ ቆመች። «ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሙሽራ ገዛችው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካርዱን አንብባ አለቀሰች።»

ከዚያ ሲስተር አገጯን ቀና አደረገች። «ግን ተሸጠ። ልብ በል። ሃያ ሦስት ዕቃ ነው የተሸጠው። አንተ በስድስት ወርም ያን ያህል አትሸጥ።»

እውነቷን ነበር፤ ጆሮን ያመመውም እሱ ነው። የከሰል ካውያ ላይ የተንጠለጠለ ሠርግ ሰውን ግራ ያጋባል። ነጭ ቀሚስ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ያምናል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ ይገዛል። አሥራ አንድ ዓመት እውነቱን ሰቅሎ ሰው ሲያልፈው ኖሯል፤ እህቱ ደግሞ ሊሆን የሚገባውን ሰቅላ በሁለት ሳምንት መደርደሪያውን አራቆተችው። ተቀምጦ ይህን እያብሰለሰለ ሳለ በሩ ተከፈተ።

የገባው ሰው አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበር፤ የሥራ ቱታ ለብሷል፣ ደረት ኪሱ ላይ ጠመንጃ መፍቻ ተሰክቷል። ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ሊፍት ጠጋኝ መሆኑን፣ የአንድ ፎቅ ሊፍት ጥገና እንዳቋረጠ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ እንደመጣ ተናገረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤት ስትቀይር ዕቃዋን ለእርስዎ እንደሸጠች ነግራኛለች። ሬዲዮ። ቡናማ፣ የእንጨት።»

ጆሮ ወዲያው አስታወሳት። አጭር ሴት፣ አንገቷ ላይ ሜትር የማይለያት። ካርዱን ስትጽፍ ጀርባዋን አዙራ ነበር። «እኔ ከወጣሁ በኋላ አንብበው» ብላው ነው የሄደችው።

«ደህና ናቸው?» ብሎ ጠየቀ፤ ጠይቆም ተጸጸተ።

«ወር ሆናት ካረፈች።» ሰውዬው ይህን ሲል ግድግዳውን እያየ ነበር። «ሆስፒታል ተኝታ አንድ ነገር አለችኝ። «የሬዲዮውን ነገር ለዚያ ለአሮጌ ዕቃ ሻጭ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፤ ሂድና አንብብ» አለችኝ። እዚሁ ንገሪኝ ብላት ፊቷን አዞረች። ስለዚህ... ላነብ ነው የመጣሁት።»

ሬዲዮው ከመስኮቱ አጠገብ ነበር፤ አልተሸጠም። ሰውዬው ራሱ አየውና ሄዶ አጠገቡ ቆመ፤ ለመንካት ሲል እጁን ቱታው ላይ ጠረገ። ጆሮ ከወንበሩ ለመነሣት ታገለ፣ ወገቡ እምቢ አለው። «ቆይ፣ ወንድሜ፣ ቆይ አንዴ» ቢልም ሰውዬው ካርዱን ይዞ ማንበብ ጀምሯል።

«ይህ ማታ ማታ ድምፁ ሲሰማ ሁላችንም ከየክፍላችን እየሮጥን እንወጣ ነበር። የቤታችን ደስታ እሱ ነበር።»

ሰውዬው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ካርዱን ለቀቀውና በክሩ ላይ ሲሽከረከር አየው።

«ይህ ሬዲዮ» አለ በዝግታ፣ «ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይህም የእናቴ እጅ አይደለም። የእናቴ ጽሕፈት እንደ መርፌ ስፌት ወደ ግራ ያዘነብላል።» ዞሮ ጆሮን አየው። «ይቺን ለሁሉም ነው የሚጽፏት? ለሬዲዮ ይቺን፣ ለአልጋ ሌላ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሲስተር። «የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት። ያ ካርድ... የምን ነበር ያ ካርድ?»

«የማንቆርቆሪያ» አለ ጆሮ። «ሲፈላ የሚያፏጨው ማንቆርቆሪያ።»

ሲስተር ስለ ካውያው ለማስረዳት ሞከረች። ነገሩ እውነት ቢሆንም፣ ጮክ ተብሎ ሲነገር ከውሸት ሁሉ የከፋ ውሸት ይመስል ነበር። የሰው ትዝታ ወስዶ ቤት ውስጥ መተኮስ! ሰውዬው ሳያቋርጣት ሰማት። ስትጨርስ ባዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምን እንደነበር ልንገርዎት» አለ ለጆሮ። «ከትምህርት ቤት ስመለስ ሬዲዮው ወለል ላይ ነው። አባቴም ከኋላዬ ገባ። እናቴ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ፣ «እሱ ነው» አለች። ገረፈችኝ። እኔ አልነካሁትም። ሠላሳ ዓመት እኔ አልነካሁትም። ግርፋቱ አይደለም የሚያንገበግበኝ፤ ግርፋት ማን ያልቀመሰ አለ። የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነት እኔ ነኝ ብላ አምና ነው? ወይስ እያወቀች ነው? ጠይቄያት አላውቅም። እሷም አንስታው አታውቅም። በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጣሁ የልብስ ስፌት መኪናዋን ዘይት እቀባላት ነበር፤ ስለ ዘይት እናወራለን።»

ጆሮ አፉን ከፈተ። ካርዱን ያስታውሰዋል፤ ቃል በቃል ባይሆንም ነገሩን ያስታውሰዋል። ሰውዬው ግን መዳፉን አነሣ።

«አይንገሩኝ። ከእርስዎ አፍ ብሰማው፣ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው እላለሁ። ሥራዎ ታሪክ ነው። በእጇ የጻፈችውን ያሳዩኝ። ከሌለም ደህና፤ ሁለተኛ እዚህ በር ላይ አልመጣም።»

ሲስተር ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ዱሮው የዋርዱን አልጋዎች በሐሳቧ እየቆጠረች፣ «ወደ ግራ ያዘነበለ... ወደቀ፣ ተሰበረ የሚል ነገር ነበረው» አለች። «ሬዲዮው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፣ አንድ ጭረት የለውም። የተሰበረ ነገር ስፈልግ ጥጉ የተሰነጠቀው መስታወት ነበር። እሱ ላይ ነው ያሰርኩት።»

«መስታወቱስ?» አለ ጆሮ።

«ጸጉር አስተካካዩ ገዛው። ከነካርዱ።»

ጆሮ ከዘራውን አነሣ። እህቱ እስከ በሩ ተከትላው በሹክሹክታ፣ «ወገብህን ይዘህ የት ልትሄድ? የምታስታውሰውን እዚሁ ጓዳ ገብተህ ወደ ግራ አዘንብለህ ጻፍለት። ምን ክፋት አለው? ልጁ እንዲህ ሆኖ ከሚሄድ...» አለችው።

ወንድሟ ያያት አስተያየት ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በሽተኛ ስታስታምም ያላየችው ነበር። ከበሩ ዞር አለችለት።

የጸጉር አስተካካዩ ቤት መንገዱን ተሻግሮ ነው። ይህ ሰው በሰፈሩ የሚታወቀው በመቀሱ ሳይሆን በምላሱ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል፤ አንድ ወሬ ካለቀበት የትናንቱን አዙሮ ይለብሰዋል። ጆሮ ሲገባ ፎጣ የተጠመጠመበት አንድ ወፍራም ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ያ መስታወት ተሰቅሏል፤ ካርዷ ግን በክር አልተንጠለጠለችም። ከመስታወቱ አጠገብ ጥቁር ክፈፍ ተበጅቶላት፣ በመስታወት ተሸፍና ግድግዳ ላይ ወጥታለች።

«ጋሼ! ተሻለህ? ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አለ አስተካካዩ፣ መቀሱን ሳያቆም። ከዚያ ያቋረጠውን ቀጠለ። «እና እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መጋረጃ ስትሰቅል በክርኗ ነካችው። ጓ! ብሎ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት አባቴ ገባ። አባቴ እንግዲህ እጁ እንዲህ ነው፤ የበር መዝጊያ ያህላል። እናቴ አየችኝ። አየኋት። «ልጁ ነው» አለች። እሱ ከሚመታኝ ብላ ራሷ ቀድማ ገረፈችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር! ይኸው ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፣ ተመልከት።» እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን አሳየ። ያ ጠባሳ ከብስክሌት የወደቀ ጊዜ ያገኘው መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከብስክሌቱ አወዳደቅም ሦስት ዓይነት ታሪክ ነበረው።

«ይገርማል» አለ ደንበኛው ከፎጣው ውስጥ። «እናት ናት።»

«እናት ናት» አለ አስተካካዩ።

ጆሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ከዘራው ላይ ደራረበ። ይህን ሰው ሃያ ዓመት ያውቀዋል። አክስቱ ጋ ነው ያደገው፤ እናቱን በፎቶም አያውቃትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሚኒስትሮች፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ጎረቤት ፍቺ፣ ስለ አህያ፣ ስለ ጨረቃ ሲያወራ ሰምቶታል፤ «እናቴ» የምትል ቃል ከአፉ ስትወጣ ግን ሰምቶ አያውቅም። አሁን ሲላት ድምፁ ይለዘባል። ውሸታም ሰው እንደዚያ አይለዝብም።

ደንበኛው ተራግፎ እስኪነሣ መጠበቅ ነበረበት፤ ጊዜ ግን አልነበረውም። «አንተ» አለው፣ «ካርዷን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«የቷን ካርድ?»

«የግድግዳውን። እህቴ በስሕተት ነው ያሰረችው። የመስታወቱ አይደለችም።»

መቀሱ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አስተካካዩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የተለመደው አልነበረም። «ገዝቼዋለሁ እኮ ጋሼ። ሲስተር ከነካርዱ ነው የሸጠችልኝ። እሷን ጠይቅ።»

«ጠይቄያታለሁ። መስታወቱን አልፈልግም። ካርዷን ብቻ ስጠኝ።»

«አልሰጥም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ ወፍራሙ ደንበኛ፣ ነገሩ ጨዋታ መስሎት።

«አንተ አንገትህን አታንቀሳቅስ፣ ምላጭ ይዣለሁ» ብሎ አስተካካዩ ጮኸበት። በእጁ የያዘው መቀስ ነበር። ወደ ጆሮ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማንን ጎዳ? እስቲ ማንን ጎዳ? የጻፈችው ሴት ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። እዚህ ግድግዳ ላይ ሆና በቀን ሃያ ሰው ይሰማላታል። አንተ ጋ ሆና ማን ያነባት ነበር?»

«ልጇ ሱቄ ውስጥ ተቀምጧል።»

«የቱ ልጅ?»

«የተገረፈው።»

አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ፣ ከዚያ ካርዷን አየ። ጆሮ ለማስረዳት የሚሆን ብዙ ነገር በሆዱ ነበረው። ሰውዬው አንዲት ጥያቄ ይዞ ሠላሳ ዓመት ፎቅ ለፎቅ ሲወጣና ሲወርድ እንደኖረ፣ መልሱ ደግሞ በእናቱ እጅ ተጽፎ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዳለ ሊነግረው ይችል ነበር። ክፈፉም ከተቀመጠበት እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ነበር። ነገር ግን ከአንዱ ልጅ እናት ነጥቆ ለሌላው መስጠት የእሱ ሥራ መስሎ አልታየውም። በመንደሩ የሰውን ነገር ሁሉ ሲሰማ ኖሯል፤ ሰምቶ ግን ከመጻፍ በቀር ያደረገው አንድም ነገር አልነበረም። ዛሬም ማድረግ ሲጠበቅበት እንዴት እንደሚደረግ አላወቀም። «እሺ» ብሎ ተነሣ። ወገቡ እንደ አሮጌ በር ጮኸ።

ሱቁ ሲመለስ ሰውዬው እዚያው ወንበር ላይ ነበር። ሲስተር አጠገቡ ቆማ፣ ሁሉንም ካርዶች እየፈታች ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች፤ እያንዳንዱን እያነሣች «ይቺስ?» ለማለት የተዘጋጀች ትመስላለች። ዓይኗ ቀልቷል። ወንድሟ ባዶ እጁን መግባቱን ስታይ ክሩ ከእጇ ወደቀ።

«አልተገኘም?» አለ ሰውዬው።

ጆሮ ሊዋሽ ፈለገ። «ተገኝቷል» አለ። «የያዘው ሰው አልሰጠም። ላስገድደው አልቻልኩም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የእኔ ነው። የዕቃው ስም አይጻፍ ያልኩ እኔ ነኝ። እናትዎ «ሬዲዮ» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ብልጠት መስሎኝ ነበር።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «እንግዲህ» አለና ተነሣ። ጠመንጃ መፍቻውን ኪሱ ውስጥ አስተካከለ። ሬዲዮውን ለመጨረሻ ጊዜ ሳያየው ወደ በሩ ሄደ፤ መያዣውን ከመንካቱ በፊት ግን በሩ ከውጭ ተከፈተ።

ጸጉር አስተካካዩ ነው። ትከሻው ላይ ፎጣ አለ፣ እጅጌው ላይ የሰው ጸጉር። በታጠበው መስኮት በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ወፍራሙ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ደፍ ላይ ቆሞ ሲፈልገው ይታያል። አስተካካዩ ክፈፉን አላመጣም። ካርዷን ብቻ በሁለት ጣቱ ይዟታል፤ ክፈፉን ሲፈታ ነው መሰለኝ አውራ ጣቱ ደምቷል። ሰውዬውን ከእግር እስከ ራስ አየው። ቁመቱን፣ ቱታውን፣ እጆቹን አየ። ዘጠኝ ዓመት የሆነ ልጅ የጠበቀ ይመስል ነበር። ከዚያ ካርዷን ዘረጋለት።

ሰውዬው ተቀበለ። ጽሕፈቱን ሲያይ ገና ሳያነብ ትከሻው ወረደ። አምስት መስመር ናት፤ ረጅም ጊዜ አነበባት። መጨረሻ ላይ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አስተካካዩ አንድም ቀን ለደንበኞቹ ያላወራትን መስመር ጮክ ብሎ አነበባት።

«ልጄ እንዳልሰበረው ያውቃል። እኔም ማወቄን ግን አያውቅም።»

«እያወቀች ነው» አለ ለማንም ሳይሆን። «እያወቀች ነው እኮ።» እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት ያስቸግር ነበር። ሲስተር ክንዱን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው፤ እጇ በልማድ የደም ሥሩን ፈልጎ አገኘ፣ ከንፈሯም መቁጠር ጀመረ። ጆሮ ጠረጴዛው ላይ ባሉት ካርዶች መካከል እጁን አኖረ። ለገዢ ብሎ ያሰራቸው ነበሩ። ከእነዚህ ስንቶቹ ለገዢ እንዳልተጻፉ፣ ስንቱ ሰው ለአንድ ሰው ሊለው ያቃተውን ለማያውቀው ሻጭ ትቶ እንደሄደ አሁን ነው ያሰበው። ለጃንጥላው ባለቤት የተላከችው ይቅርታ ሦስት ዓመት ሙሉ ጃንጥላው ላይ ተንጠልጥላለች፤ ባለቤቱን ሄዶ የፈለገ ግን የለም።

አስተካካዩ ለመውጣት ዞሯል።

«ወንድሜ» አለው ሊፍት ጠጋኙ፣ ካርዷን ደረቱ ላይ እንደያዘ። «አንተ ጋ ነበረች?»

«እኔ ጋ ነበረች።»

«ምን አድርገህ ያዝካት?»

«ምንም።»

ሲስተር የደም ሥር ቆጠራዋን አቆመች። «አንተ! አሁን ለወንድሜ አልሰጥም ብለህ አልነበረም? ምን አገኘህ? ምን አመጣህ?»

«ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ሲስተር።»

«ይጠብቅ! ለምን አመጣሃት ነው የምልህ?»

«አልናገርም።»

«አንተ? አንተ አትናገርም?»

አስተካካዩ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አራገፈ፣ አጥፎ በብብቱ ያዘ፣ በሩንም ከፈተ።

«አልናገርም አልኩ» አለ።